የጁምዓ ክኒን

ሰው ሁሉ ሐኪም የሚሆነው ሌላው ሲታመም ነው። የቀኝ እጄ ጣቶች ማበጥ የጀመሩ ጊዜ የትምህርት ቤታችን መምህራን ማረፊያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ክሊኒክ ሆኖ አረፈው። የታሪክ መምህሩ ብርድ ነው አለኝ። ብርድ! በሚያዝያ፣ አሶሳ ላይ፣ እሱ ራሱ በተማሪ ደብተር ፊቱን እያራገበ። የሒሳቡ ደግሞ ሪህ ነው፣ ጥሬ ሥጋ ቀንስ ብሎ መከረኝ። በመምህር ደመወዝ ጥሬ ሥጋ አብዝቶ የታመመ ሰው ከተገኘ ማከም ሳይሆን መሸለም ነው። የስፖርት መምህሩ ጉባ፣ ግድቡ ላይ የሚሠራ ወንድም አለው፤ ሠራተኞቹ ወገባቸውን የሚያሹበት ነው ብሎ አንድ ብልቃጥ ቅባት አመጣና ሳልፈቅድለት እጄን ይዞ አሸኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከረሜላ ከረሜላ እየሸተትኩ አስተማርኩ። ጣቶቼ ግን እንዳበጡ ናቸው።

ናቅኋቸው። ምን አስደበቀኝ፣ ሰው መናቅ ያኔ እንጀራዬ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ወደዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለ ሰው አካል በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ከልቤ አምን ነበር፣ ሐኪሞቹንም ጨምሮ። ማስረጃዬ ደግሞ ቀኝ እጄ ነበር። ባለ ቀለም ጠመኔ በራሴ ገንዘብ እየገዛሁ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሕዋስ ስስል፣ ፈረቃቸው ያልደረሰ ተማሪዎች ሳይቀሩ በመስኮት ተንጠልጥለው ያዩኝ ነበር።

ስለ በሽታ መከላከል የማስተምርባት ቀን የዓመቱ በዓሌ ነበረች። ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደ ወታደር አሰልፋቸዋለሁ፤ ይሄ ዘብ፣ ይሄ ተኳሽ፣ ይሄ ትልቁ ደግሞ ማክሮፌጅ፣ ያገኘውን ጀርም የሚውጥ። ተማሪው ይስቃል፣ ይጽፋል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል። ወታደሩ ወደ ገዛ ቤቱ ሊተኩስ ይችላል የሚለውን ግን መጽሐፉ በሁለት መስመር አልፎታል፣ እኔም በሁለት መስመር አልፈው ነበር።

የከተማችን ሆስፒታል ሐኪም ደሜን አስመርምሮ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጎ፣ ነገሩ ብርድም ሪህም እንዳልሆነ ነገረኝ። የገዛ ሰውነቴ ተከላካዮች የመገጣጠሚያዎቼን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥረው ገብተውበታል። ካልታከመ አጥንቱን እየበላ ይሄዳል፣ ጣቶቹ ተጣመው ይቀራሉ አለና አዲስ አበባ ላለች የመገጣጠሚያ ሐኪም ወረቀት ጻፈልኝ። ከንግግሩ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ተጣመው ይቀራሉ የሚለው ነው። ጠመኔ መያዝ ያቃተው መምህር ምን ይደረጋል? መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ አቧራ እያራገፈ ጡረታውን ይጠብቃል። እጄን ካጣሁ ከእነዚያ ከምንቃቸው ሰዎች በታች እንደምሆን ገባኝ፤ ፈራሁ።

ተጣሞ የቀረ እጅ ምን እንደሚመስል ደግሞ በየቀኑ አየው ነበር። አከራዬ የአሶሳ ተወላጅ አሮጊት ናቸው፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ነው የሚላቸው። ቅዳሜ ገበያ ሰሊጥና የደረቀ ባምያ ይሸጣሉ። የሁለቱም እጃቸው ጣቶች ከአንጓቸው ወደ ውጭ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ባምያውን በጣት ሳይሆን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ነው የሚሰፍሩት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር ያን እጅ የእርጅናና ያለመማር ነገር አድርጌ ነበር የማየው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ግሱ ይሰበራል፣ ወንድና ሴቱ ይቀላቀላል፣ እኔም የሚሉትን ትቼ የሰበሩትን እየለቀምኩ ነበር የማዳምጣቸው።

አንድ ጠዋት የቤቴን በር ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ በሁለት እጄ ስታገል አዩኝና ቀረብ አሉ።

«ኡስታዝ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ጠዋት እጅ እምቢ ይላል፣ ቀትር እሺ ይላል?»

ከዚያ ሁሉ ዲግሪ ከጫነ ሰው መሃል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁኝ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የዚህ በሽታ ምልክቱ እሱ ነው፤ ጠዋት ጣት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ እየዋለ ይላላል። ማመስገን ሲገባኝ ተናደድኩ። ቀስ ብለው የራሳቸውን ነገሩኝ፤ ወደ ሐኪም የሄዱት ዘግይተው መሆኑን፣ የተጣመመው እንዳልተመለሰ፣ ሆኖም በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ክኒን ከጀመሩ ወዲህ ሕመሙ እንደተዋቸውና መጣመሙም እንደቆመ። ቀኑን እንዳይረሱ ጁምዓ አድርገውታል። የጁምዓ ሶላት ሲያበቃ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ደጃቸው ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ይውጣሉ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ አለቀ። እኔም በሆዴ፣ መድኃኒትና ሃይማኖት የሚያደባልቅ ሰው ምን ይደረጋል አልኩ።

ያን ዕለት ገና በጠራራው፣ ልክ ላስገባቸው ብዬ አግዳሚው ላይ ትምህርት ሰጠኋቸው። ስለ ወታደሮቹ ነገርኳቸው፤ እብጠቱም፣ መቅላቱም፣ ትኩሳቱም እነሱ የሚያነሱት ጦርነት መሆኑን፣ መፍትሔውም እነሱን መደምሰስ መሆኑን። ጨርሼ ሳበቃ ትንሽ አሰቡና ወታደሩ ጦርነት ከሌለ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁኝ። ይተኛል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በቤታቸው ጎን ያለውን የቀርከሃ ግድግዳ በታጠፈው እጃቸው አሳዩኝና አሮጌውን ያፈረሰው ሰው ነው አዲሱን የሠራው አሉ። ሳቅሁ። ባዮሎጂን በቀርከሃ!

ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዕድሜዋን አይቼ እሷንም ናቅኋት። ይሁን እንጂ ሥራዋን ታውቃለች። በመገጣጠሚያዬ ሽፋን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እርስ በርስ እየተጠራሩ ብግነቱን እንደሚያባብሱት፣ ከመካከላቸው ግን ፍርስራሹን የሚያጸዱና የተጎዳውን የሚጠግኑም እንዳሉ፣ አንዳንዴ ያው አንዱ ሕዋስ ሁለቱንም ሥራ እንደሚሠራ ነገረችኝ። ዓላማችን ማረጋጋት እንጂ መጨረስ አይደለም አለች። እኔ ይህን ስትናገር ወረቀቷ ላይ የሳለችውን ሕዋስ እያየሁ እኔ ብስለው ይሻል ነበር እያልኩ ነው።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት አዘዘችልኝ። ቢጫዋ ክኒን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፤ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ በሌሎቹ ቀናት፣ ቢጫዋ ሰውነቴን እንዳትጎዳው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ተሰጠኝ። ከመውጣቴ በፊት ቢጫዋን መቼ እንደምውጥ ድገምልኝ አለችኝ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ! እሑድ፣ በሳምንት አንድ ቀን አልኩና ፊቴን አጥቁሬ ወጣሁ።

መድኃኒቱ ጊዜ እንደሚፈልግ ነግራኝ ነበር። መስከረም ገባ፣ ትምህርት ተጀመረ፣ ለውጡ የኤሊ ነው። በበዓሌ ቀን፣ ማክሮፌጁን ስስል፣ ጠመኔው ከጣቴ አምልጦ ወደቀ። አነሳሁት፣ ደግሞ ወደቀ። ከኋላ አንድ ሰው ክትክት ብሎ ሳቀ። በስንት ሰው የሳቅሁት እኔ፣ ያቺ ሳቅ አጥንቴ ውስጥ ገባች። ማረፊያው ክፍል ውስጥ ደግሞ የታሪክ መምህሩ ይጠብቀኛል፤ ብርድ ነው ብዬህ አልነበር አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና አሰብኩ፤ ማሰብ ከተባለ። ጠላትን በሳምንት አንድ ቀን የሚወጋ ጦር የት አገር አለ? ስድስት ቀን እንዲያገግም እየተውኩት ነው። ይህ ፎሊክ አሲድ የሚሉት ደግሞ ለነፍሰ ጡር የሚታደል ነገር መሆኑን ማንም የጤና ጣቢያ ግድግዳ ያነበበ ያውቀዋል፤ እኔ ምን ቤት ነኝ? ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው። ፎሊክ አሲዱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና ቢጫዋን በየቀኑ መዋጥ ጀመርኩ። ይህን ስሕተት ያልተማረ ሰው አይሠራውም። ያልተማረ ሰው የተባለውን ያደርጋል።

ሐጃ ያወቁት በሦስተኛው ቀን ነው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደጄ ላይ ቆሜ ክኒኗን ስውጥ ባምያ እያሰጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬ ጁምዓ ነው እንዴ?»

አይደለም፣ ማክሰኞ ነው አልኳቸው። ትናንትም ስውጥ አይተዋል። ይህቺ ክኒን የእኔም ናት፣ በሳምንት አንዴ ነው የምትዋጠው፣ ሐኪም ለእኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው የነገረኝ አሉ። እኔም በትዕግሥት፣ ያ ከንቀት ሁሉ የከፋው ትዕግሥት፣ የእርስዎና የእኔ አይገናኝም፣ እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው አልኳቸው። ወደ ባምያቸው ጎንበስ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ፣ በደጄ ባለፉ ቁጥር፣ ዛሬ ጁምዓ ነው ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ መዋጥ ጀመርኩ።

እውነት ለመናገር በሁለተኛው ሳምንት እጄ ቀለለኝ። እብጠቱ ጎደለ። ደስታዬን የት ላድርሰው! ዝናቡ አባርቶ የግቢው አጥር የሚጠገንበት ጊዜ ስለነበር፣ እጄ መዳኑን ለሐጃ ለማሳየት ብቻ፣ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ እኔ ካልሰበሰብኩ ብዬ ግግም አልኩ። የቀርከሃ ስንጥር እንደ ምላጭ ነው። የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት ጫፉ ላይ ሰንጥቆ ገባ። አወጣሁት፣ በውሃ አጠብኩት፣ ናቅኩት።

ቁስሉ አልቀላም። አላበጠም። መግልም አልያዘም። አራት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ጠርዙ ግራጫ ሆኖ አፉን ከፍቶ ቁጭ አለ። እኔ ምን አልኩ? ድል! ብግነት የሚባል ነገር ከሰውነቴ ጠፍቷል፣ ወታደሮቹ አልቀዋል አልኩ። እንዲያውም ማረፊያው ክፍል ውስጥ ጣቴን አውጥቼ ለስፖርት መምህሩ አሳየሁት፤ አየህ፣ ቁስል እንኳ አያብጥም አልኩት። እሱ ደግሞ ቅባቱን አስታወሰኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ራሴን ስስም ነው የለቀለቅኩት።

ከዚያ አፌ ውስጥ ቁስል ወጣ። ቀጥሎ ከንፈሬ፣ ቀጥሎ ጉሮሮዬ። ውሃ መዋጥ አቃተኝ፤ ክኒኗን ግን እያለቀስኩ ዋጥኳት፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጣቴ ከጫፉ መጥቆር ጀመረ። አንድ ረፋድ ሐጃ ከትምህርት ቤት መቅረቴን አይተው በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ግንባሬን በመዳፋቸው ነኩ፣ አፌን አስከፍተው አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቢጫዋን ዕቃ አንስተው ነቀነቁት። የስድስት ወሩ መድኃኒት ገና በሁለት ወሩ ዕቃው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አልተቆጡኝም። ባጃጅ ጠሩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ደሜ ተመረመረ፤ ነጭ የደም ሕዋሳቴ ሊያልቁ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ሐኪሙ፣ ያው መጀመሪያ ያየኝ፣ ቢጫዋን በሳምንት ስንት ቀን ትወስድ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ትኩሳት ላይ ነኝ፣ ምላሴ ቆስሏል፣ ሞት ደጄ ላይ ቆሟል፤ እኔ ግን ያስጨነቀኝ ባዮሎጂ መምህር መሆኔን ማወቁ ነው።

«አንድ ቀን» አልኩት።

ሐጃ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ዋሸ» አሉ። «ቀን ሁሉ ይበላል።»

ያቺ የተሰበረች አማርኛ ናት ያተረፈችኝ። ሐኪሙ የሚያስፈልገው እሷን ማወቅ ነበር። ወዲያው ክንዴ ላይ የተሰካው መድኃኒት የዚያ መሳቢያ ውስጥ የወረወርኩት ቫይታሚን የቅርብ ዘመድ መሆኑን ነገረኝ። የነፍሰ ጡር ነው ብዬ የተጸየፍኩት፣ በመርፌ፣ በየስድስት ሰዓቱ። ጣቴን ግን ማንም አልደረሰለትም። ቁስልን የሚያጸዳውም፣ አዲስ ሥጋ እንዲያድግ ጥሪ የሚያሰማውም ያ የማሳድደው ማክሮፌጅ ነው፤ እኔ ጠራርጌ አባርሬዋለሁ፤ ጀርሙ ባለቤት ያጣ ቤት አግኝቶ ገባበት። የጠቋሚ ጣቴን ሁለት አንጓ ቆረጡት። ቁርጥማቱ አይደለም የወሰደው። ቁርጥማቱ ሊጣምመው ነበር፤ ቆርጦ የጣለው ንቀቴ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ የቁስሉ ጠርዝ ቀልቶ፣ ትንሽ አብጦ፣ ሲነኩት ይሞቅ ነበር። ነርሷን ደንግጬ አየኋት። ሐኪሙ ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ ፈገግ አለ። መጡልህ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጦርነት እያልኩ ያስተማርኩት መቅላት፣ የረገምኩት እብጠት፣ ግድግዳውን ሊሠራ የመጣ ሰው ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሐጃ አጠገቤ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን በመዳፋቸው ያንከባልሉ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ቀርከሃው ግድግዳ ቢያስታውሱኝ በሐፍረት እሞት ነበር።

አሁን ወደ ክፍል ተመልሻለሁ። ጠመኔውን በአውራ ጣቴና በመሃል ጣቴ ይዤ ነው የምስለው፤ ሕዋሶቼ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሳላቸው ይመስላሉ፣ በመስኮት የሚንጠለጠልም የለም። ማክሮፌጁን ስደርስበት ወታደር ማለት ትቻለሁ። ያፈርሳልም፣ ይሠራልም እላለሁ፣ ተማሪው ግራ ይጋባል፣ ይጋባ። የታሪክ መምህሩ እስከ ዛሬ ብርድ ነው ይላል። እሱን አሁንም እንቀዋለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተው አልተቻለኝም።

ደሜ ካገገመ በኋላ አዲስ አበባ ያለችው ሐኪም ቢጫዋን እንደገና አስጀመረችኝ፣ በትንሹ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ደሜን እያስመረመርኩ። ዕቃው እኔ ቤት አይቀመጥም። ሐጃ ወስደው ከራሳቸው መድኃኒት ጋር አስቀምጠውታል፤ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተከራከርኩም። የጁምዓ ሶላት ሲያበቃ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀርበው አግዳሚው ላይ ይጠሩኛል። ክዳኑ ጠንካራ ነው፤ እርሳቸው ዕቃውን በሁለት መዳፋቸው አንቀው ይይዙታል፣ እኔ በቀሩኝ ጣቶች አዞረዋለሁ። ይከፈታል። ክኒኗን ግን ወዲያው አይሰጡኝም። በታጠፉት ጣቶቻቸው ውስጥ ይዘዋት፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ይሉኛል። በየሳምንቱ ነው፣ አንድም ቀን አልተዉልኝም።

«ጁምዓ ነው፣ ሐጃ» እላለሁ።

ያኔ መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኛል።